ዝናብ የሚያድርበት ግቢ

እሑድ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ የበልጉ ዝናብ ለግማሽ ሰዓት ያህል ወረደ። ከቅሬያችን (ከሰፈሩ ዕድር) ግቢ የወጣው ጎርፍ እንደ ልማዱ በደረጃው ተንደርድሮ እማማ ቤት ገባ። እማማ የሚኖሩት ከግቢያችን በታች፣ ከድጋፍ ግንቡ ሥር ነው። በየዓመቱ በራፋቸው ላይ የሚደረድሯቸውን አፈር የተሞሉ ጆንያዎች ዘሎ ምድጃቸው ድረስ ደርሷል። መጥረጊያ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። «ሊሾህ መጣብኝ» አሉኝ።

ሊሾው የእኔ ነው፤ ልክደው አልችልም። በ2001 ዓ.ም. የቅሬው አባላት ጭቃው አማረረን፣ ለለቅሶ ድንኳን ስንተክል እግር እየዋጠ አስቸገረን ብለው ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አርማታ ሞልቼ ሊሾ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ወደ ደረጃው እንዲያዘነብል ውሃ ልኩን የያዝኩትም እኔው። «ጠብታ እንኳ አይቆምበትም» ተብዬ ተመርቄበታለሁ። እውነትም ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አልቆመበትም።

ማታ ቡና ላይ የቅሬያችን ዳኛ ሐጂ እንዲህ አሉኝ፦ «ዝናብ የአላህ እንግዳ ነው። አንተ ግን አረፍ ሳይል ከደጅ ታባርረዋለህ። የተባረረ እንግዳ የጎረቤት በር ቢደበድብ ምን ይገርማል?» መልስ አልነበረኝም። ቤት ስገባ ግን የሲሚንቶና የአሸዋ ሒሳብ የምይዝበትን ደብተር አወጣሁ። ከኋላው ጀምሬ ይህን እጽፍበታለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

የልኬት ቀን። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ትመጣለች፤ እዚያ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የውሃ ምሕንድስና ትማራለች። የሜትሩን አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ግቢውን ዞርነው። ሊሾው 22 በ14 ሜትር፣ 308 ካሬ ሆነ። የአዳራሹ ቆርቆሮ 12 በ8፣ 96 ካሬ። ተደምሮ 404 ካሬ ሜትር ጠብታ የማይጠጣ ገጽ።

ከዚያ በሠላሳ ዓመት የግንብ ሥራዬ ማንም ያልነገረኝን ነገር ነገረችኝ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ልክ 1 ሊትር ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። እንግዲያው 30 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ኃይለኛ ዝናብ ግቢያችን ላይ 12,120 ሊትር ያወርዳል። ገጹን አርሶ የሚቀረውን እንቀንስ ብላ በ0.85 አባዛችው፤ 10,300 ሊትር ገደማ መጣ። በ200 ሊትር በርሜል ሲሰላ ከሃምሳ በርሜል በላይ ነው። አንድ ሰው ሆን ብሎ በአንድ ከሰዓት ሃምሳ በርሜል ውሃ የአሮጊት ደጃፍ ላይ ቢደፋ ይከሰሳል። እኔ ተመርቄበታለሁ።

ውሃው ከእማማ ቤት ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ቦርከና ይገባል። ቦርከና ቁልቁል ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ ከአዋሽ ይገናኛል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። እኛ ያባረርነው ውሃ እዚያ ፀሐይ ሲጠጣው፣ ከግንቡ በታች ያለችው ምንጭ በጥማት ትሞታለች። ልጅ ሳለሁ እስከ ጥር ከእርሷ እንቀዳ ነበር። አሁን መስቀል አልፎ ብዙ ሳይቆይ ትደርቃለች። ሰፈሩ ሁሉ ባሕር ዛፉን ይከስሳል። ባሕር ዛፉም የዋዛ አይደለም፤ ነገር ግን ምንጭ የምትኖረው ከላይ በሰረገ ውሃ ነው፣ ከላይ ደግሞ ክዳን የገጠምኩባት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 3

መሬት ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳያውቁ ለውሃ ጉድጓድ መቆፈር ፍሬን ሳይሞክሩ የሐረጎን ቁልቁለት መንገድ እንደመውረድ ነው። ስለዚህ ከሊሾው ጠርዝ ውጪ ሁለት ቦታ ላይ ሠላሳ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ቆፈርን። አንዱ ላይ፣ አዳራሹ አጠገብ፤ ሌላው ታች፣ ግንቡ ጥግ። መጀመሪያ ሞልተን እስኪሰርግ ተውነው፤ ደረቅ አፈር በመጀመሪያው ዙር ይዋሻል። ሁለተኛ ሞልተን ማስመሪያ ተክለን ሰዓት ያዝን።

ላይኛው በአንድ ሰዓት 3 ሴንቲ ሜትር ጠጣ። የላላ ድንጋይ የተቀላቀለበት ቀላ ያለ አፈር ነው። ታችኛው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ። ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ከፍቶ ሲታይ ወንዝ የሚውጥ ይመስላል፤ ሲርስ ግን ያብጥና ራሱን ይደፍናል።

የእኔ ሐሳብ ታች፣ ውሃው ድሮም የሚሄድበት ቦታ ላይ መቆፈር ነበር። 25 ሴንቲ ሜትር ውሃ በሰዓት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲሰርግ 50 ሰዓት ይፈጃል። ያን ያህል የሚተኛ ውሃ እንግዳ ሳይሆን ደባል ነው። ሐሳቤን ሰረዝኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 10

የቅሬው ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ፈጀ።

እቅዱን አስረዳሁ፦ ከሊሾው 50 ካሬ ያህል እናንሳ፤ ቦታው ላይ ጎድጓዳ መደብ እንሥራ፤ የአዳራሹ አሸንዳና የላይኛው ግቢ ውሃ እዚያ ይግባ፣ አንድ ሌሊት አድሮ ይስረግ፣ ትርፉ በድንጋይ በተሞላ ቦይ ይቀጥል። አንዱ ተነስቶ «ሰው ከጭቃ ወደ ሊሾ ይሄዳል፤ እኛ ከሊሾ ወደ ጭቃ ልንመለስ?» አለ። ተጨበጨበለት። ሌላው ስለ ወባ ጠየቀ። ሐጂ በእኔ ፋንታ መለሱለት፦ «አንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳ ልጅ አይወልድም።» ሳቅ ሆነ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ የትንኝ እንቁላል ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ላይ መቆየት አለበት፤ በሁለት ቀን የሚደርቅ መደብ አያደርሰውም።

የድንኳኑ ጉዳይ ግን እውነተኛ ክርክር ነበር። ትልቁ ድንኳን ስንት ሜትር ይፈልጋል፣ የማብሰያው ቦታ የት ይሁን፣ አስከሬን የሚወጣበት መንገድ የት ይለፍ? በኖራ መሬት ላይ አስምረን ሁሉም በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ማንም አልተነፈሰም።

ከሁሉ ቁም ነገር የተናገሩት ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ዛሬ ግን ተነሥተው ወደ ጦሳ ተራራ ጠቆሙ። «ይህ ሰፈር ከዚያ ተንከባሎ በመጣ አፈርና ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። መሬት ሲንሸራተት ያላየ ደሴ ውስጥ አለ? ውሃ ማስረግ ጥሩ ነው። ግንብ ጀርባ ማስረግ ግን ግንቡን መግፋት ነው።» ልባቸው ያሰበውን በቁጥር እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ከግንቡ ቢያንስ 9 ሜትር፣ ከአዳራሹ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ደግሞ በተቻለ መጠን በተቃራኒው ጥግ። ጻፍኩት። ከዚህ ወዲያ ከግቢው ታችኛው 9 ሜትር፣ ማለትም 126 ካሬ የሚያህለው ሊሾ፣ እንደነበረ ይቀራል ማለት ነው። ቅር አለኝ፤ ግን እሳቸው ልክ ናቸው።

ፈቃድ ተገኘ። ሁለት ነገር ተጠየቅኩ፦ ጉዳት ከመጣ በራሴ ወጪ መልሼ ልሞላው፤ ለእናቶችም አደስና ጤና አዳም ልተክል። ሁለተኛውን ያቀረቡት እማማ ናቸው። ጆንያቸው በር ላይ እያለ ስለ አደስ ማሰባቸው ገርሞኛል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ሰበርን። አምስት ወጣቶች፣ ሁለት ማርቴሎ፣ ሦስት ድጅኖ፣ አንድ ባሬላ። የገዛ እጄን ሥራ ማፍረስ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። ያኔ ግን ሲሚንቶ ሳልሰስት ነበር የሠራሁት፤ እስከ ቀትር አራት ካሬ እንኳ አልደፈርንም። አንዱ ልጅ ላቡን እየጠረገ «ጋሼ፣ ትንሽ ብትሰርቁ ምን ነበረበት?» አለኝ። በሙያዬ እንደ ዛሬ የኮራሁበትና የተናደድኩበት ቀን የለም።

ከሊሾው ሥር ያለው አፈር እንደ አመድ ደርቋል። አንድ ትል የለበትም። መሐል ላይ ድጅኖው ለስላሳ ነገር ወጋ፤ በ2001 ቦታ አጣበበ ብለን የቆረጥነው የወይራው ጉቶ ነበር፣ በስብሶ። ማን እንደቆረጠው አልጠየቁኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ስብራቱ ትናንት ማታ አለቀ፤ ዛሬ አዲስ በተከፈተው ቦታ ላይ ሦስተኛ መሞከሪያ ጉድጓድ ቆፈርን። በሰዓት 2 ሴንቲ ሜትር። 25 ሴንቲ ሜትር ውሃ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ማታ ገብቶ ጠዋት የሚወጣ እንግዳ። ልጄ በጉድጓዱ ጎንና ጎን የሚሰርገውም ስለሚቆጠር ከዚህ ያነሰ ጠብቅ ብላኛለች።

መደቡ 10 በ4 ሜትር፣ 40 ካሬ። ዳሩ ዘቅዘቅ ያለ፣ መሐሉ 25 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚይዝ። ሲሞላ 7,500 ሊትር ያህል ይይዛል። ልጆቹ ገና ሳያልቅ «ገበቴው» ብለውታል፤ ስሙ ይኸው ቀረ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

አረፋ። ሥራ የለም። ሦስት ቤት በላሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ከገበቴው ግርጌ ግቢውን የሚያቋርጠው የድንጋይ ቦይ ተቆፈረ፦ 14 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ታቹን የሰበርነውን አርማታ አስተኛንበት፤ ከኳሪ ከመግዛት ይልቅ ከገዛ ኃጢአቴ ሞላሁት። በላዩ ደረቅ ድንጋይ፣ ከላይ 02 የሚባለው የግንባታ ጠጠር። በድንጋይና በድንጋይ መሐል የሚቀረው ባዶ ቦታ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ 6.7 ሜትር ኩብ ቦይ ውስጥ 2,500 ሊትር ውሃ ያድራል። ገረጋንቲ ርካሽ ነው ብለው የመከሩኝ ነበሩ። አፈር ያለበት ነገር ቦዩን በሁለት ክረምት ይደፍነዋል፤ ጠጠሩም ቢሆን ሳይታጠብ አልገባም።

ከቦዩ በታች ላለው 126 ካሬ ሊሾ፣ ዳሩ ላይ በስብርባሪ አርማታ ጥርብ ጠርዝ ሠርቼ ውሃውን ከደረጃው ወደ መንገዱ ቦይ አዞርኩት። ይህ ማሳደር አይደለም፣ ማባረር ነው። ቢያንስ በእማማ በር አያልፍም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ዛሬ ልጄ ጮኸችብኝ።

ቁፋሮው ሲያልቅ ከልማድ የተነሣ ልጆቹን «ጠቅጥቁት!» አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት ከቁፋሮ ቀጥሎ የምናገረው ቃል ይኸው ነው። እነሱም ታዛዥ ናቸው፣ ወለሉን በእንጨት መደቅደቂያ እየዘለሉ ደልድለውት ሳለ ልጄ በበሩ ገባች። «አባዬ! ውሃ የሚሰርግበትን እኮ ነው የምትደፍነው!» አፈር ሲጠቀጠቅ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይዘጋል። ለቤት መሠረት የሚበጀውም ለዚሁ ነው። ግማሽ ቀን በዶማ አላልተን፣ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለን፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይረግጠው ሳንቃ አነጠፍን።

ከሰዓት ከቀያሹ ጋር ግንቡን አየን። ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳዎቹ አራቱም ተደፍነዋል። የደፈንኳቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ በአንድ ወቅት ግንቡን እንዲያምር ብዬ ለስኜዋለሁ። በፌሮ ወግተን ከፈትናቸው። ከአንዱ ጥቁር ጭቃ ለረጅም ጊዜ ተንጠባጠበ። ያ ሁሉ ከግንቡ ጀርባ ተጠራቅሞ ሲገፋ እንደነበር ሳስብ ሆዴ ባባ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ተከላ። መሐሉ ላይ፣ ውሃ በሚተኛበት፣ ከቦሩ ሜዳ ጨፌ በባለቤቱ ፈቃድ የመጣ ቀጠማ። ለበዓል ወለል ላይ የምንጎዘጉዘው ያው ቀጠማ ነው፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲሆን ይወዳል፣ ለጥቂት ቀን ቢደርቅም አይሞትም። ዳሩን ደሾ ሣር፤ ሥሩ ተዳፋቱን አጥብቆ ይይዛል። ከላይ በኩል አደስ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ። ጦስኝ እርጥብ አይወድምና ከጠርዙ ውጪ ድንጋይ መሐል አደረግሁት። ሁለት ወይራና አንድ ኮሶ ደግሞ ከችግኝ ጣቢያ፤ ወይራው አንዱ ከድሮው ጉቶ አንድ ክንድ ርቆ ተተከለ። አንድ ጎረቤት ቶሎ ያድጋል ብሎ ባሕር ዛፍ ይዞ መጣ። በትሕትና መለስኩት፤ እንግዳ አሳድራለሁ ብሎ ቤት ውስጥ አንበሳ ማሰር ነው የሚሆነው።

መሬቱ እንዳይደርቅ ላዩን ገለባ ነሰነስንበት። (ይህን ዐረፍተ ነገር በሐምሌ ስመለስበት አፈርኩበት።)

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

የክረምቱ የመጀመሪያ እውነተኛ ዝናብ። አፉና ቂጡ እኩል በሆነ የቲማቲም ጣሳ የለካሁት 22 ሚሊ ሜትር ሆነ። ወደ ገበቴው የሚገባው የጣሪያውና የላይኛው ግቢ ውሃ፣ 278 ካሬ ተባዝቶ፣ 5,200 ሊትር መሆኑ ነው። ገበቴው 7,500 ይይዛል። በወረቀት ላይ ምንም ሊፈስ አይገባም።

ፈሰሰ። በግንቡ በኩል የከመርነው የአፈር ጠርዝ ውሃ ሲነካው ተንዶ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር፤ ውሃው በዚያ ወጣ። ትርፉ በድንጋይ በኩል እንዲወጣ ያበጀሁት መውጫም ተዘግቷል። የዘጋው ገለባው ነው። ሁሉም ተንሳፍፎ እንደ ታቦት አጃቢ ተሰልፎ መውጫው ላይ ቆመ። ውሃው ደረጃውን ወረደ። እማማ ጋ ስደርስ ጆንያው ሥር ቆሟል፣ አልዘለለም። እሳቸውም ምንም አላሉኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ ያስቃል። መጠቅጠቅ የሌለበትን ወለል ጠቀጠቅሁ፤ መጠቅጠቅ ያለበትን ጠርዝ ሳልጠቀጥቅ ተውኩ። ያን ቀን ልጄ ከጮኸችብኝ በኋላ መደቅደቂያውን እጄን እንዳቃጠለኝ ሁሉ ጥዬው ነበርና።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ጠርዙ በስስ በስሱ እየተደለደለ፣ እየረጠበ፣ እየተጠቀጠቀ ተሠራ። በዓይን አላመንኩም፤ ዙሪያውን በውሃ ልክ ለካሁ። መውጫው ከጠርዙ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ክንድ ስፋት ኖሮት፣ በጥርብ ድንጋይ ተነጠፈ። ገለባው ተለቅሞ ለበሬ ተሰጠ፤ በምትኩ ጠጠር ገባ።

ከላይ ካለው ኮረኮንች መንገድ የሚመጣው ደለልም አሳስቦኛል። መግቢያው ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ አበጀሁ፤ ውሃው እዚያ አረፍ ብሎ ጭቃውን ጥሎ ያልፋል። በአንድ ሳምንት ሁለት ጋሪ ደለል፣ አንድ ጆንያ ሙሉ ፌስታል፣ አንድ የሕፃን ጫማ ወጣበት። ጫማውን አጥር ላይ ሰቅለነዋል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

34 ሚሊ ሜትር በሃምሳ ደቂቃ፣ መሐሉ ላይ በረዶ። ጃንጥላ ይዤ ገበቴው አጠገብ ቆምኩ። ሊሾውን ያጠበው ውሃ እየተሽቀዳደመ ገባ፣ ቀጠማው ውስጥ ሲደርስ ግን ፍጥነቱን አጣ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እስከ መውጫው ሞላ። ከዚያ በድንጋዩ ላይ እንደ ሻይ ቀጭን ሆኖ ወደ ቦዩ መውረድ ጀመረ። ቦዩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ከቦዩ ማዶ አልወጣም። ያን ቦታ ደጋግሜ ሄጄ አየሁት።

ሮጬ ወደ እማማ ወረድኩ። ደረጃው ረጥቧል፣ ጎርፍ የለም። ከጆንያው ፊት የቆመው ውሃ ጀበና አይሞላም። እማማ በር ላይ ተቀምጠው በረዶ ይለቅሙ ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገበቴው ደረቀ። ሃያ ሰዓት ፈጀ፤ በሰዓት 1.25 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ፈተናው ቃል የገባልኝ 2 ነበር። ልጄ ያለችው ነው የሆነው፤ በዚያ ላይ ስስ ደለል ወለሉን ሸፍኗል። ክረምቱ ሲያልፍ ይፋቃል።

ልጆቹ ጨፈሩ። ልጄ በስልክ እጅግ እንዳንኮራ አስጠነቀቀችን። ቻይናዎች «ስፖንጅ ከተማ» ብለው ከፈረንጆች 2015 ጀምሮ በሠላሳ ከተሞች ይህንኑ ነገር በሰፊው ሞክረውታል። ከሠላሳዎቹ ባትሆንም ይህንኑ ስትሠራ የነበረችው የዠንግዡ ከተማ ግን በ2021 በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዘንቦባት፣ የምድር ውስጥ ባቡሯ ሳይቀር ተጥለቅልቆ ሰው ሞቷል። የእኛ ገበቴ 34ቱን ቻለ። 60 ቢመጣ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ያኔ የሚያድነን መውጫው ወዴት እንደሚያይ ነው። ስለዚህ የመንገዱን ቦይ መጥረግ አይቀርልንም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

አንድ ሰው ሥራ ይዞ መጣ። ከላያችን ያለው አዲስ ፎቅ ባለቤት ነው፤ ግቢውን ሙሉ ሊሾ እንዳደርግለት ይፈልጋል። ደህና ገንዘብ ነው፤ የክረምት ወር ደግሞ ለግንበኛ ጾም ነው። ግማሹን ሊሾ፣ ግማሹን ሣር አድርጌ ውሃህን እዚያው ላሳድርልህ አልኩት፤ ወስጄ ገበቴውንም አሳየሁት። አየና «ውሃ ድሮም ወደ ታች ነው የሚሄደው» አለኝ። እኛ ታች ነን። ሌላ ግንበኛ ቀጠረ።

ባለቤቴ ሌሊቱን አላነጋገረችኝም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእንቁጣጣሽ ከገበቴው የታጨደ ቀጠማ ለዐሥራ አንድ ቤት ደረሰ። ሐጂ «በዚህ ዓመት ቀጠማ አልገዛንም» እያሉ ለሁሉ ይናገራሉ፤ ከሃምሳው በርሜል ይልቅ ሰፈሩን ያሳመነው ይህ ነው። ሁለት ግቢዎች ና ለካልን ብለውኛል። አንደኛው ዋልካ ላይ ስለሆነ ሳልዋሽ አልሆነም አልኳቸው፤ ከአሸንዳቸው ወደ ሮቶ ቢያጠራቅሙ ይሻላቸዋል።

ኮሶው ደርቋል። በጣም እርጥብ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወይራዎቹ ደኅና ናቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ምንጯ እስካሁን አልደረቀችም። ዛሬ የ20 ሊትር ጀሪካን በዐሥራ አንድ ደቂቃ ሞላች። ባለፈው ዓመት አልለካሁም፤ ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ስለዚህ የገበቴው ሥራ ነው ብዬ አልፎክርም። ከዛሬ ጀምሮ በየዐሥራ አምስት ቀኑ በዚያው ጀሪካን እለካለሁ። ከላይዋ ሽንት ቤቶች ስላሉ ለመጠጥ እንዳትቀዳ ሐጂ በቅሬው አስነግረዋል፤ ለልብስና ለችግኝ ትሆናለች።

ስመለስ እማማ ጋ ገባሁ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጆንያዎቹ ግን አሁንም በራፉ ላይ እንደተደረደሩ ናቸው፤ አንዱ ተቀዶ ሣር አብቅሏል። ልሸከምና ላንሣልዎት አልኳቸው።

«ተወው፣ ይቀመጥ» አሉኝ። «ሊሾህንም አምኜው ነበር።»